ናኖ ሕክምና የሚሉት እውነት አለ ወይስ የገበያ ወሬ ነው?

የዘጌ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የጤና ባለሙያ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። እናቴ ስኳር አለባት። ኑሮዋ ዘጌ ነው፤ ከአውራ ጣቷ ሥር የወጣ ቁስል አልድን ብሏት አሁን ባሕር ዳር እኔ ጋ አምጥቻታለሁ። ታዲያ አንድ የምናውቀው ሰው «ናኖ ቴክኖሎጂ» የተባለ የሚለጠፍ ነገር ይዞ መጣ። ውስጥ እግር ላይ ይለጠፋል፣ በሽታውን ራሱ ለይቶ ያውቃል፣ ቁስሉን ይዘጋል፣ ስኳሩንም ስለሚያወርደው ኢንሱሊኑን ቀስ እያለች ታቆማለች ነው የሚለው። ዋጋው የደሞዜን ግማሽ ይጠጋል። ካርቶኑ ያብረቀርቃል፣ የአምራቹን አድራሻ ግን አላየሁበትም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ባዮሎጂ ከተማርኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ዩቲዩብ ስገባ ደም ሥር ውስጥ እየዋኘ ካንሰር የሚያሳድድ ሮቦት ያሳየኛል፣ ፌስቡክ ስገባ ደግሞ ሁሉም ማጭበርበር ነው ይላሉ። የቱን ልመን? ናኖ የሚባል ሕክምና በእውነት አለ? ካለስ ለስኳር ቁስል የሚሆን፣ እዚህ የሚገኝ ነገር ይኖራል? ሰውዬው መልስ እየጠበቀ ነው፣ ክፋቱ ደግሞ እናቴም አምናዋለች።

ፋርማሲ_አባይማዶ

እህቴ፣ ስለ ናኖው ከማውራታችን በፊት ኢንሱሊኑን እንዳታቆም። በምንም ተአምር። ብሩንም አትስጪ።

የስኳር ታማሚ እግር ሲቆስል የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፣ የሚያብረቀርቅ ካርቶን የለውም እንጂ ይሠራል። ሐኪም ያየዋል፣ ደም ወደ እግሯ በደንብ መውረዱ ይታያል፣ የሞተው ሥጋ ይጠረጋል፣ ቁስሉ ላይ ክብደት እንዳያርፍበት ይደረጋል፣ ኢንፌክሽን ካለ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፣ ስኳሩ ይስተካከላል። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰጃት። ጣቷ ከጠቆረ፣ ቁስሉ ከሸተተ፣ ወይ ትኩሳት ካላት ግን ነገ አይባልም፣ አሁኑኑ ተነሺ።

«ተለጥፎ ስኳር ያወርዳል» ለሚለው፦ በቆዳ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ የኒኮቲን አለ፣ የሆርሞን አለ፣ የሕመም ማስታገሻ አለ። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች ናቸው። ኢንሱሊን ትልቅ ስለሆነ ጤነኛ ቆዳን አልፎ አይገባም፣ መርፌ የሚወጋውም ለዚሁ ነው። አምራቹ ያልታወቀ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልመዘገበው ነገር ደግሞ ናኖም ይባል ሌላ እኔ መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጠውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ናኖ ሕክምና እውነት ነው፣ አዲስም አይደለም። ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። ቀይ የደም ሕዋስሽ ጎኑ ከ7,000 እስከ 8,000 ናኖሜትር ይሆናል፤ ናኖ የሚባሉት መድኃኒቶች ብዙዎቹ 100 ናኖሜትር አካባቢ ናቸው። ዶክሶሩቢሲን የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ፣ ልብን ይጎዳል። ይህንኑ መድኃኒት ላይፖሶም በሚባል የስብ እንክብል ውስጥ ሲያስገቡት በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀነሰ። ዶክሲል ተብሎ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ2005 ደግሞ ፓክሊታክሴል የተባለውን ሌላ የካንሰር መድኃኒት ከአልቡሚን ፕሮቲን ጋር አያይዞ የሚሰጠው አብራክሴን መጣ። ደም ላነሳት እናት በደም ሥር የሚሰጠው ጠቆር ያለ የአይረን መድኃኒት፣ አይረን ሱክሮስ የሚባለው፣ እሱም የናኖ ቅንጣት ነው፤ ሳታውቂው አይተሽው ይሆናል። የፋይዘርና የሞደርና የኮቪድ ክትባቶችም ቶሎ የሚፈርሰውን ኤምአርኤንኤ (ሕዋስ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት) በስብ ናኖ ቅንጣት ጠቅልለው ነው ሕዋስ ውስጥ የሚያስገቡት። ኤምአርኤንኤው ራሱ ሰውነትን እንዳያስቆጣ ያደረጉት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2023 ኖቤል ተሸለሙ።

ሮቦቱ ግን ካርቱን ነው። እንክብሉ አይዋኝም፣ አያሳድድም፣ ደም በወሰደው ይሄዳል። በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ የአሥር ዓመት የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ከተወጋው የናኖ ቅንጣት ውስጥ ካንሰሩ ጋ የደረሰው መካከለኛው ቁጥር 0.7 በመቶ ነበር። አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም! የቀረውን በብዛት ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል። ዘርፉ ውስጥ ያሉ ሰዎች በዚህ ቁጥር ብዙ ተከራክረዋል። ስለዚህ «በሽታውን ራሱ ለይቶ ያገኘዋል» የሚልሽን ሰው ይሄን ጠይቂው።

የዘጌ_ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጣቷ አልጠቆረም፣ ትኩሳትም የላትም። ነገ በጠዋት እንሄዳለን። ለሰውዬው ምን ብዬ እንደምመልስ ነው የጨነቀኝ፣ ከአክስቴ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው።

ሲስተር_ወረታ

ፋርማሲስታችን ሁሉንም ከፈረንጅ አገር አመጣው። እኔ ቅርባችን ያለውን ልንገራችሁ።

አሁን ጤና ጣቢያ ነኝ፣ ከዚያ በፊት ግን ካላዛር የሚታከምበት ክፍል ሠርቻለሁ። ካላዛር ማለት የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ነው፤ ትኩሳቱ አይለቅም፣ ሰውየው ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላዋል፣ ካልታከመ ይገድላል። እኛ አካባቢ በብዛት የሚይዘው ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የሚወርደውን ወጣት ነው። ግን ቆላ ብቻ አይምሰላችሁ፣ በ2004 እና 2005 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጣና ዳር ሊቦ ከምከምና ፎገራ ገብቶ ብዙ ሰው ጨርሷል። የዚያን ጊዜውን ወረርሽኝ የሚያስታውሱ ሰዎች አዲስ ዘመን ከተማ አሁንም አሉ።

ለሱ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምቢዞም ነው፤ አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት በስብ እንክብል ተሠርቶ። ቁልጭ ያለ የናኖ መድኃኒት ነው፣ እንክብሉ ከ100 ናኖሜትር በታች ነው። በእጄ በጥብጬ ሰቅዬዋለሁ። ቢጫ ዱቄት ነው፣ አንዱ ብልቃጥ 50 ሚሊግራም ይይዛል። በመርፌ ውሃ በደንብ ተንጦ በማጣሪያ ያልፍና በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ነው የሚሰቀለው። ሳላይን ካገኘው ይበላሻል፤ አዲስ የሚመጡ ልጆች ላይ ይህንን ነበር ደጋግሜ የምጮኸው።

የድሮው አምፎቴሪሲን ለኩላሊት ጠላት ነበር፣ በሽተኛውም በላዩ እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስቡ ይህንን ቀነሰው። ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ቅድም ወንድሜ ጉበትና ጣፊያ ይውጡታል ብሎ እንደ ችግር ያወራው ነገር ለካላዛር ዋናው ጥቅም ነው! እንክብሉን የሚውጡት ማክሮፋጅ የሚባሉ የሰውነት ዘበኛ ሕዋሳት ናቸው። የካላዛር ተውሳክም ተደብቆ የሚራባው እነሱው ውስጥ ነው፣ ጣፊያ ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ፣ መቅኔ ውስጥ። ዘበኛው ባዕድ ነገር መስሎት እንክብሉን ሲውጥ መድኃኒቱ ተውሳኩ ቤት ድረስ ይገባል ማለት ነው። ማንም ሮቦት አልላከም፣ ሰውነት ራሱ ተሸክሞ ወሰደው።

ታዲያ ለምን ለሁሉም አይሰጥም? ሕንድ ውስጥ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ሰው ይድናል። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያ አልበቃም፣ በጠቅላላው በኪሎ እስከ 30 ሚሊግራም ተከፋፍሎ ይሰጣል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ አስሉት፣ 30 ብልቃጥ ነው። ውድ ነው፤ ከ2011 አካባቢ ጀምሮ አምራቹ ጊልያድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በእርዳታ ሲሰጥ ቆይቷል እንጂ የቀን ሠራተኛ ገዝቶ የሚችለው አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥም የለበትም፣ መተማ ደግሞ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ እኛ ጋ አብዛኛው በሽተኛ አሁንም 17 ቀን ሙሉ የሚያም መርፌ ይወጋል፤ አምቢዞም ኤችአይቪ አብሮ ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ በጣም ለደከመ ነው የሚያዘው።

ሌላ ደግሞ፣ ጤና ኬላ ላይ ለወባ ጣታችሁን ተወግታችሁ የምታዩዋት ቀይ መስመር አለች አይደል? ያቺ ቅላት በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ናት። ወርቅ እንደዚያ ሲደቅ ይቀላል። የእርግዝና መመርመሪያውም እንደዚያው ነው።

ድባንቄ_ቦይ

ሲስተር እንግዲያው የወባ መመርመሪያ ሰብስቤ ወርቅ ቤት ልክፈት 😂

ሲስተር_ወረታ

አንተ ልጅ፣ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ብትለቅም አንድ የጆሮ ጌጥ አይወጣህም። ይልቅ ቁም ነገሩን ስማ፦ ወርቁ ብቻውን ምንም አያውቅም። ወርቁ ላይ የተለጠፈው ፀረ እንግዳ አካል ነው የወባዋን ፕሮቲን የሚይዘው። እኛ አገር ደግሞ ያንን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን የማታመርት የፋልሲፓረም ወባ ተገኝታለች፣ መመርመሪያው ነፃ ነህ ይልና ሰውየው ወባ ይዞት ቤቱ ይገባል። በዚህ ምክንያት ነው መመርመሪያው እንዲቀየር የተደረገው። ቴክኖሎጂው ረቂቅ ሆነ ማለት አይታለልም ማለት አይደለም።

ፖሊ_ላብ

ፖሊ ካምፓስ ውስጥ በማቴሪያል ሳይንስ ማስተርስ እየሠራሁ ነው። «ራሱ ያውቃል» ስለሚባለው ልጨምር፣ ምክንያቱም እዚያች ላይ ትንሽ እውነት አለች፣ ሻጮቹም የሚነግዱት በሷ ነው።

ስማርት የሚባሉ ቁሶች አሉ። በአብዛኛው ሃይድሮጄል ናቸው፣ ውሃ ጠጥቶ እንደ ጄሊ የሚሆን የፖሊመር (የረጅም ሞለኪውል ሰንሰለት) መረብ። መረቡን ስትሠራው ለአንድ ነገር እንዲመልስ አድርገህ ነው፦ ለአሲድ፣ ለሙቀት፣ ለስኳር። ለምሳሌ ፒኒፓም የሚባለው ፖሊመር 32 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ውሃውን ተፍቶ ይኮማተራል፤ ከሰውነት ሙቀት በታች ስለሆነ ነው ተመራማሪዎች የወደዱት። ቦሮኒክ አሲድ ያለበት ጄል ደግሞ ግሉኮስ ሲበዛ ይይዘውና ያብጣል፣ ውስጡ ያለውን ኢንሱሊን ይለቃል። ማሰብ የለም፣ ኬሚስትሪ ነው።

ስኳር በጨመረ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ኢንሱሊን የሚለው ሐሳብ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ነው። በ2024 ኢንሱሊን አምራቹ የኖቮ ኖርዲስክ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት አለ፤ ኢንሱሊኑ ሞለኪውል ላይ መዝጊያና መክፈቻ ሠርተውለታል፣ ግሉኮስ ሲበዛ ይከፈታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፣ ስኳር በድንገት ወርዶ ሰው ራሱን ስቶ መውደቁን ሊያስቀር ይችላል። ግን ያሳዩት በአይጥና በአሳማ ነው። ቁስል ላይም በ2022 ከስታንፎርድ የወጣ ስማርት ፋሻ አለ፤ የቁስሉን ሁኔታ በሴንሰር ይለካል፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ያነቃቃዋል። እሱም አይጥ ላይ ነው። የእህታችን እናት ነገ የሚለጠፍላት አይደለም።

ከአይጥ ወደ ሰው መንገዱ ረጅም ነው። ቴርሞዶክስ የሚባል በሙቀት የሚፈነዳ የካንሰር እንክብል ነበር፣ ላብራቶሪ ውስጥ ቆንጆ ነበር፣ የጉበት ካንሰር ላይ በመጨረሻው ደረጃ የሰው ሙከራ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

አንድ የሚያበሳጨኝን ልናገርና ልውጣ። እኛ አገር የናኖ ማስተርስ ጽሑፍ ግማሹ ተመሳሳይ ነው። ቅጠል ይቀቀላል፣ የብር ናይትሬት ይጨመራል፣ ፈሳሹ ቡናማ ይሆናል፣ ባክቴሪያ ያለበት ሳህን ላይ ይንጠባጠባል፣ ዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይወጣል፣ ምረቃ። ቅጠሉ ብቻ ይቀየራል። ኩላሊት ላይ ምን ያደርጋል፣ ስድስት ወር መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል የሚለውን የሚጠይቅ ጠፋ። የብር ናኖ ክሪስታል ያለበት የቁስል መሸፈኛ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ የስኳር እግር ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ቡድን ግን ቁስል እንዲድን ብላችሁ በፀረ ተህዋስ ፋሻ አትሸፍኑ ነው የሚለው። እኛ ገና ክቡን በማስመሪያ እንለካለን። በነገራችን ላይ እምቦጭን አትናቁት። ግንዱ ሴሉሎስ ነው፣ ከሱ የናኖ ቃጫ ማውጣት እንደሚቻል በብዙ አገር ታይቷል፣ ለቁስል መሸፈኛም ይሞከራል። ችግሩ እምቦጭ ከውሃው ከባድ ብረት ይስባል፣ ስለዚህ በደንብ ሳይጣራ የሰው ሥጋ ላይ አይደርስም። የኔ ሥራ እዚያ አካባቢ ነው፣ ከቅጠል መቀቀል ይሻላል ብዬ።

አሳ_ተራ

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ አሳ ነው የምሸጠው። ብራዚል ውስጥ የቀረሶ ቆዳ ለተቃጠለ ሰው ይለጥፋሉ የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። እዚህ እኮ ቆዳውን ለወፍ ነው የምንጥለው። እውነት ከሆነ በኩንታል ላቅርብ 🙂

ፋርማሲ_አባይማዶ

እውነት ነው ጋሼ። ፎርታሌዛ ላይ ያሉ ሐኪሞች ናቸው የጀመሩት፣ የሚጠቀሙበትም የአባይ ቀረሶ የሚባለውን ነው፣ የጣናው ዘመድ። ቆዳው ኮላጅን የበዛበት ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ የተቃጠለው ቦታ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ በየቀኑ ፋሻ ከመቀየር ሕመም ያድናል። ከዚህ ሁሉ ናኖ ወሬ ለእኛ አገር የሚቀርበን ይሄ ይመስለኛል፣ ጥሬ ዕቃው በራችን ላይ ስላለ። ግን ቆዳው ይታጠባል፣ በግሊሰሮል ይቆያል፣ በጨረር ይመከናል። ከመረብ የወጣ ጥሬ ቆዳ ቁስል ላይ ያደረገ ሰው ኢንፌክሽን ነው የሚያተርፈው። ኩንታሉን ለፖሊው ልጅ አቅርብለት፣ እምቦጩ ካልሆነለት።

ፖሊ_ላብ

ጋሼ እውነቴን ነው በውስጥ ጻፉልኝ።

የዘጌ_ልጅ

ደርሰን መጣን። ደም ወደ እግሯ ይወርዳል አሉ፣ ተመስገን። አጥንት ጋ እንዳልደረሰ ለማየት ራጅ አነሷት፣ ጠረጉላት፣ አንቲባዮቲክ አዘዙላት፣ እንዳትቆምበትም ተነገራት። ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ካልሄድኩ ብላ ከሐኪሙ ጋር ተጨቃጨቀች። ሰውዬውን «የተመዘገበበትን ወረቀት አምጣና እገዛለሁ» አልኩት፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም፣ አክስቴም አኩርፋኛለች።

አንድ የመጨረሻ። ሲሻላት ዘጌ መመለሷ አይቀርም፣ ፍሪጅ የላትም። ኢንሱሊኑን እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ይበላሽ ይሆን?

ሲስተር_ወረታ

የተከፈተው ብልቃጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካላለፈ ቦታ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት። ያልተከፈተውን አንቺ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪና አንድ አንድ እያልሽ ላኪላት፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን በጭራሽ። በረዶ ያገኘው ኢንሱሊን ይጣላል። ለቤቷ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ፈልጊ፣ ትንሹ ትልቁ ውስጥ የሚገባ። መሐሉን አሸዋ ሙዪው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ታርከፍክፍበት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ትንሹ ውስጥ ታስቀምጥ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነው፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ንጹሑ ዓይነት ከደፈረሰ፣ ወይ ደፍራሹ ዓይነት ተገላብጦ እንኳ እየቋጠረ ካስቸገረ አትውጋው። ብልቃጡን ስትልኪ ደግሞ ጀልባው ላይ ፀሐይ እንዳያገኘው ለሚይዘው ሰው ንገሪው።